ሸራው፣ አውድማውና የአባቴ መሐላ

አራት ዓመት ሙሉ በበቅሎ በኩል የተነጋገሩ አባትና ልጅ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ስለ እኛ ልንገራችሁ።

«ዳማ፣ ንገሪው፤ ራት ቀርቧል» ይላሉ አባቴ። ዳማ በቅሏቸው ናት፤ ጆሮዋን ታወዛውዛለች። «መጣሁ በያቸው» እላለሁ እኔ። ሦስታችንም ለምደነው ነበር። መንገደኛ ቢሰማን ግን ያለ ጥርጥር ጠበል ይወስደን ነበር።

ነገሩ የጀመረው በቀይ ቀለም ነው። ቤታችን መንዝ፣ ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ከቤታችን በታች ባለው ሸለቆ መካከል አንድ ጉብታ ነበረ፤ የአባቴ አውድማ እሱ ላይ ነበር። ገብስ ተወቅቶ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን፣ ገለባውን ወስዶ ፍሬውን የሚተው ነፋስ እንደዚያ ጉብታ የትም አይገኝም ይሉ ነበር። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ ቅየሳ ተምሬ የመጀመሪያ ሥራዬን ሳገኝ፣ ሥራው የዚያው የእኛ ሸለቆ የመስኖ ግድብ ሆነ። ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ሁሉ ድንጋዩን ቀይ ቀለም እየቀባን ምልክት እናደርጋለን። አንድ ቀን አለቃችን «ይህን ጉብታ የሚያውቀው ማነው?» ሲል እጄን አወጣሁ። የአውድማውን ዳር ድንጋይ ስቀባ አባቴ መንሻቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩኝ ነበር።

አልጮሁም። ቆባቸውን አወለቁና ፊታቸውን ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አዙረው፣ «ከእንግዲህ በዚህ ምድር ላይ ቆሜ ካንተ ጋር አንዲት ቃል ብነጋገር ሚካኤል ይፍረድብኝ» አሉ።

አባቴ በዓለም ላይ የሚፈሩት ነገር ቢኖር የተሰበረ መሐላ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ውሃው መጣና አውድማው ሰጠመ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሰንበት በየበዓሉ እየመጡ ይለምኗቸዋል። «አያ ተክሌ፣ ስገድና መሐላው ይፈታልህ፤ ልጅህ እኮ ነው።» «ቃሉ ከአፌ ወጥቷል፣ አባ» ነው መልሳቸው። የመንደሩ ሰው በግድቡ ውሃ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ሲያለማ፣ እሳቸው ውሃውን ላለማየት ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄዱ በላይኛው መንገድ ይዞሩ ነበር። እኔ ደግሞ ቅየሳውን ተውኩና ላንጋኖ ወረድኩ፤ ቤት የምመለሰው ለፈቃድ ብቻ ሆነ።

ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ማረፊያ የጀልባና የጣውላ ጠባቂ ሆንኩ። ሸራ የተተከለበት ጣውላ ላይ ቆሞ በነፋስ መሄድን ያስተማረኝ ሙሌ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከዓመት በኋላ ደግሞ ፎይሉን አስጀመረኝ። ፎይል ከጣውላው ሆድ ሥር የሚታሰር የብረት እግር ነው፤ ጫፉ ላይ ክንፎች አሉት። ጣውላው ሲፈጥን ክንፉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ጣውላውን ከነሰውዬው ወደ ላይ ያነሳዋል። ያን ጊዜ ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። የውሃው ጥፊ የለም፣ መንገጫገጭ የለም፤ ሰው ከውሃው በላይ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በዝምታ ይሄዳል። መጀመሪያ የተነሳሁ ቀን ነቅቼ ሳለሁ ሕልም ያየሁ መስሎኝ ነበር። ያን ዝምታ ስሰማ ትዝ ያሉኝ አባቴ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አንድ የማረፊያው ደንበኛ ወደ አገሩ ሲመለስ ያረጁ ዕቃዎቹን ትቶልኝ ሄደ። ሁለት ጣውላ፣ አንዱ ጠባብ፣ ቀይ፣ የሚያምር፤ ሌላው ሰፊ፣ ቢጫው የለቀቀ፣ በር የሚያክል። ሁለት ሸራ፣ ትንሽና ትልቅ። ለፎይሉም ትንሽና ትልቅ ክንፍ። ለጥር ፈቃድ ወጥቼ ወደ መንዝ ልወስዳቸው ሳስብ ሙሌ ከት ብሎ ሳቀ።

«ቀዩን እዚሁ ተወው» አለኝ። «የእናንተ አገር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር የሚገፋህ ሸራው ትልቅ ሲሆን ነው። ክንፉም ትልቁ ይሁን፤ ቀስ ብለህ ስትሄድም ያነሳሃል። ጣውላውም ቆመህ ስትጠብቅ የሚሸከምህ ይሁን።»

«ሰፊው እኮ የጀማሪ ነው።»

«እዚያ ውሃ ላይ አንተ ምንድን ነህ?»

ሁሉንም ጭኜ ሄድኩ። የልቤን እውነት ከጠየቃችሁኝ ሰፊውን የያዝኩት ለሙሌ ብዬ ነው፤ በአገሬ ሰው ፊት በቀዩ ልታይ ወስኜ ነበር። ከደብረ ብርሃን የጫነኝ የአይሱዙ ሾፌር ዕቃውን ሲያስር «የወደቀ አውሮፕላን ነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ የጎማ ልብሴን ለብሼ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቴን አጥልቄ፣ ቀዩን ጣውላና ትንሹን ሸራ ይዤ ከግድቡ ጫፍ ገባሁ። ነፋሱ እዚያ ያፏጫል፤ ብዙ ነፋስ ካለ ብዙ እሄዳለሁ ብዬ ነው። የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ቀዩ ጣውላ ሳልንቀሳቀስ ሥሬ እየሰጠመ ይገለብጠኛል። እንደምንም ስቆም ነፋሱ አንዴ ይመታኝና ወዲያው ይተወኛል፤ ሸራው ቀላል ሆኖ እጄ ላይ ይቀራል። ስወድቅ እነሳለሁ፣ ስነሳ እወድቃለሁ። ዳር ላይ የተሰበሰበው ሰው መጀመሪያ አዘነልኝ፤ በኋላ ሳቀ፤ በመጨረሻ ሰልችቶት ወደ ቤቱ ሄደ።

ነፋሱ በረድ ባለ ጊዜ ከላይኛው መንገድ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ከገበያ ሲመለሱ ቆመዋል፤ ጀርባቸው ወደ ውሃው ነው።

«ዳማ» አሉ፣ «ያ ከሥሩ ያለው ማረሻ አይደለም? ውሃውን ሊያርስ ነው እንዴ?»

ከሥሩ ያለውን ካዩ ዞረው አይተዋል ማለት ነው። ግድቡ ከሞላ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደዚያ ውሃ አዙረው ነበር። ከንፈሬ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ሳቅሁ። እዚያው ውሃ ውስጥ ሆኜ የምፈልገውን ነገር ለራሴ ተናገርኩ፤ ሸራም ፎይልም አይደለም፣ አባቴ እንዲያናግሩኝ ነው።

ራት ላይ ታላቅ እህቴ አስካለ እሳቱ ዳር ልብሴን ታደርቃለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። ዳማ በጋጣው በኩል አንገቷን አስግጋለች። አባቴ ጥቂት ከጎረሱ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዳማ፣ ንገሪው። የቆመበት ነፋስ አይረባም። ከገደሉ የሚወጣ ነው፤ ይመታል፣ ይተዋል። ገብስ ብትሰጪው ፍሬውን ከገለባው ጋር ይዞት ይሄዳል።»

«ታዲያ የሚረባው ነፋስ የቱ ጋ ነው በያቸው» አልኩ።

አስካለ እኔን አየች፣ እኔ መሬት አየሁ። የሚረባው ነፋስ የት እንዳለ ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ እናውቃለን። አባቴ ከዚያ በኋላ አንድ ጉርሻ አልደገሙም።

በማግስቱ ወደ ጉብታው ሄድኩ፤ ጉብታው ወደነበረበት ማለቴ ነው። አሁን ሁለት የሰው ቁመት ያህል ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ሸራውን በትልቁ ለውጫለሁ፤ ቀዩን ጣውላና ትንሹን ክንፍ ግን እልህ ይዞኝ አልተውኩም። እንደተባለው ነው፤ ነፋሱ እዚያ ላይ ሲደርስ ይረጋል። አይመታም፣ አይተውም፤ እጅ ለእጅ ይዞ እንደሚወስድ ሰው ሸራውን ያዘልኝ። ጣውላው ፈጠነ። ልቤም ፈጠነ። እንዳያመልጠኝ ብዬ ሸራውን ባለ በሌለ ኃይሌ ሙጭጭ አደረግሁትና ወደ ኋላ ተለጠጥኩ። ጣውላው ከውሃው ዘሎ ወጣ፣ ክንፉ አየር ላይ ታየ፣ ከዚያ ሰማዩ ተገለበጠ። የሸራው ምሰሶ ራሴን መታኝና ከሸራው ሥር ገባሁ።

ውሃው ውስጥ ቢጫ ብርሃን ነበር። ከታች ጭቃ የሸፈነው ክብ ነገር ያየሁ መሰለኝ፣ ምናልባትም አላየሁም። ጃኬቱ ወደ ላይ ይገፋኛል፤ ሸራው ደግሞ ወደ ታች ይይዘኛል። ፍርሃት አልነበረኝም፤ እንቅልፍ ነገር ነበር። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ድምፅ መጣ።

«ዳማ! ዳማ! ውጣ በይው!»

በሸራው ጠርዝ በኩል አንገቴን አወጣሁ። አባቴ ቁልቁለቱን እኩሌታ ወርደዋል፤ የዳማን ገመድ ይዘው እየጎተቷት፣ አንድ እግራቸው ባዶ፣ ጫማው ከኋላ ድንጋዩ መካከል ቀርቷል። ልጃቸው እየሰጠመ መሐላቸውን አልሰበሩም፤ ግን እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቻቸው አላውቅም። ጣውላው ላይ ተዘርሬ ማልቀስ ጀመርኩ። ያለቀስኩት ራሴን ስላመመኝ አይደለም።

እጄን አነሳሁላቸው። ከዚያ ጫማቸውን ፈልገው አጠለቁና ቁና ቁና እየተነፈሱ ለበቅሎዋ፣ «ንገሪው፣ ሙጭጭ ብሎ ይዞታል። ማረሻም ሙጭጭ ሲሉት ይዘላል። ለቀቅ ያድርገው። ያንን ጠባቡን ደግሞ ይተወው፤ ሰው የሚሸከም ዕቃ አይደለም» አሏት።

ሙሌ ከላንጋኖ፣ አባቴ ከመንዝ፣ ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ነገሩኝ። ከዚህ በኋላ ባልሰማ ኖሮ ከዳማ ይልቅ በቅሎው እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰፊውን ጣውላ፣ ትልቁን ሸራና ትልቁን ክንፍ አገጣጥሜ ገባሁ። ያ በር የሚያክል ነገር ሳልቸኩል አስቆመኝ። ነፋሱን ጠበቅሁት። አባቴ በላይኛው መንገድ ሳይሆን ከመንገዱ በታች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ ውሃው ነው፤ ዳማ አጠገባቸው ትግጣለች። ጥቂት ቆይተው ማፏጨት ጀመሩ። ገብስ ሲያዘሩ ነፋስ የሚጠሩበት ፉጨት ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ የሚወርድ። ከአውድማው መስጠም ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ነፋሱ መጣ። በፉጨቱ መጣ አልላችሁም፤ ሰዓቱ ነበር። ሸራውን እንደ ወፍ ጫጩት በእጄ ለቀቅ አድርጌ ያዝኩት። ጣውላው ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ መንገጫገጩ ቆመ። ቀና ስል ከውሃው በላይ ነኝ።

እንዴት ልንገራችሁ? ሸለቆው በሙሉ ዝም አለ። ከሥሬ ሰማዩ ነበር፤ ደመናዎቹ በውሃው ላይ ተኝተው እኔ በላያቸው አልፋለሁ። ከደመናው ሥር ደግሞ የአውድማው ክብ አለ፤ ልጅ ሆኜ በሬ የነዳሁበት፣ ገለባው ውስጥ ተኝቼ እንቅልፍ የወሰደኝ። ገለባው አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲወጣና ነፋሱ ሲያገኘው፣ ከመሄዱ በፊት ለቅጽበት አየር ላይ ይቆማል። እኔ ያን ቅጽበት ነበርኩ። አንዴ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ ተመለስኩ፤ አምስት ጊዜ ይሁን ስድስት አላውቅም። ሸራው ሲያደክመኝ ቀስ ብዬ ውሃው ላይ ተቀመጥኩ።

ዳር ስደርስ አባቴ ውሃው አፍ ላይ ቆመዋል። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«ዳማ፣ ጠይቂው» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ይህ ሰፊው ሌላ ሰው ይችላል ወይ?»

«ይችላል በያቸው» አልኩ።

ሸራውን ነቀልኩ። ፎይሉን ከሥሩ ስፈታ አራቱ ብሎኖች በቀዘቀዘ እጄ አልላቀቅ አሉኝ፤ እሳቸው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ይጠብቃሉ። አውድማቸውን ከላይ ሆነው ሊያዩት የፈለጉ መሰለኝ። ጃኬቴን አለበስኳቸው፤ ጣውላው መካከል እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፣ ጠርዙን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔ ውሃው ውስጥ ሆኜ ከኋላ እየገፋሁ በእግሬ ዋኘሁ። ነፋሱ ወድቋል፤ ውሃው ጸጥ ብሏል። ጉብታው ላይ ስንደርስ «እዚህ ነው» አልኩ፣ ለማንም ሳልል፤ ዳማ ዳር ቀርታለችና።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ወደ ታች አዩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ደምሴ» አሉ።

ስሜን ነው የጠሩት። የጣውላውን ጠርዝ ለቅቄ ልሰጥም ነበር።

«አባዬ፣ መሐላዎ…»

«ምን ብዬ ነበር የማልኩት? ቃሌን ታስታውሰዋለህ?»

«በዚህ ምድር ላይ ቆሜ…»

«አሁን ምድር ላይ ነኝ?»

«አይደሉም።»

«ቆሜያለሁ?»

«ተቀምጠዋል።»

«እህ» አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱት ያደሩት ነገር እንደሆነ ከፊታቸው አየሁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ‹ማን ያውቀዋል› ሲሉ እጁን ያወጣው እሱ ነው ብለው ነገሩኝ። ለምን አወጣህ?»

ለዚህ ጥያቄ አራት ዓመት ያሰናዳሁት መልስ ነበረኝ። ባዕድ ሰው ከሚቀባው እኔ ብቀባው ይሻላል ብዬ ነው የሚል። ለአስካለ ነግሬያታለሁ፣ ለአባ ወልደ ሰንበት ነግሬያለሁ፣ ለሙሌም ሳይቀር። ውሃ ውስጥ ሆኜ ሽቅብ እያየኋቸው ግን አልወጣልኝም።

«አለቃው እንዲያየኝ ነው፣ አባዬ» አልኩ። «አውቃለሁ ለማለት ቸኮልኩ። እርስዎ ትዝ አላሉኝም።»

ውሃው ጣውላውን በቀስታ ያዞረዋል፤ ፊታቸው አንዴ ወደ ሚካኤል፣ አንዴ ወደ ቤታችን ይዞራል።

«ሌላ ነገር ብለኸኝ ቢሆን ወደ ዳር መልሰኝ ልልህ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ልንገርህ። ያኔ ስትቀባ አይቼሃለሁ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። እጅህ አልተንቀጠቀጠም። ‹ልጄ ሥራ ያውቃል› ብዬ ኮራሁ። በአባቶቼ አውድማ ላይ ቆሜ፣ አውድማው ሊጠፋ፣ እኔ ኮራሁ። የማልኩት ከዚያ በኋላ ነው። የተናደድኩት በማን እንደሆነ እንግዲህ አንተ እወቀው።»

እጄን በጣውላው ጠርዝ ላይ እጃቸው አጠገብ አደረግሁ። አውራ ጣታቸውን ጣቴ ላይ ጫኑት። እግሬ ደንዝዟል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ እዚያ እስከ ማታ ብቆይ ደስ ባለኝ።

እንደገና ነፋሱ ሲነሳ ወደ ዳር ገፋኋቸው። እግራቸው መሬት ሲነካ «ቀስ ይበሉ፣ አባዬ» አልኩ። አልመለሱልኝም። ወደ ዳማ ሄደው አንገቷን ዳበሱና፣ «ንገሪው፤ ልብሱን ይለውጥ፣ ብርድ ይመታዋል» አሏት።

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ላንጋኖ ነው የምሠራው፤ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ግን መንዝ ነኝ። ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ አባቴን በሰፊው ጣውላ ላይ አስቀምጬ ወደ ውሃው እንወጣለን። እዚያ ስለ እናቴ አውርተናል፤ ስለማገባት ልጅ አማክሬያቸዋለሁ፤ ስለ ሞት አንስተናል፤ አንድ ቀንም ስለ ምንም ሳናወራ ተመልሰናል። ከሰዓት በኋላ እኔ ፎይሉን አስሬ እሄዳለሁ፣ እሳቸው ዳር ሆነው ያፏጫሉ፣ ስህተቴን ለዳማ ይነግሯታል።

ለጀማሪ ምን ዓይነት ዕቃ ይሻላል ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ሰፊውን ያዙ፤ ሸራው ለአገራችሁ አየር የሚበቃ ይሁን፤ ሰው ፊት ለመታየት አትግዙ። እኔ ቀዩን ጣውላ ይዤ የመጣሁበትን ልብ አውቀዋለሁ፤ ለአለቃው እጄን ያወጣሁበት ያው ልብ ነው። ይህን ለማወቅ ራሴን በምሰሶ መመታት ነበረብኝ። ቤታችሁ ያልተነጋገራችሁት ሰው ካለ ደግሞ ይቅር ተባባሉ ብዬ አልሰብክም፤ እሱ የአባ ወልደ ሰንበት ሥራ ነው። ብቻ ያሰናዳችሁትን መልስ ተዉትና እውነቱን ለመናገር የሚመች ቦታ ፈልጉ።

ባለፈው ጥር አባ ወልደ ሰንበት እንደልማዳቸው መጡ። እኔ ደጅ ዳማን እጭናለሁ።

«አያ ተክሌ፣ አሁንስ በቃ» አሉ። «ዕድሜህም እየገፋ ነው። ጥቂት ስገድና ዛሬውኑ እፈታሃለሁ። ልጅህን እንደ ሰው ቤትህ ውስጥ ታናግረዋለህ።»

አባቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ቁልቁል ወደ ውሃው አዩ።

«ይቆየኝ፣ አባ» አሉ። «መሐላው ከተፈታማ ማን ውሃ ላይ ያወጣኛል?»